ኦል ወይስ ሆልድ

ጅማ ውስጥ «ካፒቴን» ብሎ የሚጠራኝ ሰው በስሜ ከሚጠራኝ ይበዛል። ቦሳ ኪቶ ካለችው የጥገና ቤቴ ጀምሮ እስከ ሸቤና አጋሮ የቡና መፈልፈያዎች ድረስ፣ ማሽን በተበላሸ ቁጥር «ካፒቴን ይጠራልን» ነው የሚባለው። ካፒቴኑም በሰው ሞተር ብስክሌት ኋላ ተፈናጦ፣ መፍቻዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ይደርሳል። ከማሽኑ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ እርጥብ የቡና ልጣጭ አፍንጫው ላይ እየተንጠባጠበበት ብሎን ይፈታል። እንደ እኔ ዝቅ ብሎ የሚበር ካፒቴን በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ስሜ ሙሐዲን ነው። ድሮ፣ አገራችን ባሕር በነበራት ጊዜ፣ የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር ላይ ረዳት አብራሪ ነበርኩ። ሰማንያ ሦስት ላይ ሁሉም ነገር ሲበተን ግማሹን መንገድ በእግሬ፣ ግማሹን በጭነት መኪና አድርጌ አገሬ ገባሁ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ረዳት አብራሪ ነበርኩ» አልኩ፣ እውነቴን። «ረዳት? በየትኛው መስመር?» አሉኝ። እዚህ ረዳት ማለት መኪና በር ላይ ተንጠልጥሎ «አጋሮ! አጋሮ! አንድ ሰው!» የሚል ነው። ሁለቴ ሦስቴ ካስረዳሁ በኋላ ሰለቸኝና ረዳቷን ጣልኳት። «አብራሪ ነበርኩ» አልኩ። የቀረውን ከተማው ራሱ ጨረሰልኝ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል።

እሷ ግን ትንሿ ውሸቴ ናት። ትልቋ ሳሎን ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለች የምስጋና ወረቀት ናት። ወረቀቷ ቢጫ ሆናለች፣ ማኅተሟ ግን እስከ ዛሬ ደማቅ ነው። «በአስቸጋሪ የባሕር ሁኔታ ውስጥ ፈጣንና ቆራጥ ትእዛዝ በመስጠት የአንድ መርከበኛ ሕይወት እንዲተርፍ ስላደረጉ» ትላለች። ያ ፈጣንና ቆራጥ ትእዛዝ አንዲት ቃል ነው፦ «ኦል!» በኦሮምኛ ወደ ላይ ማለት ነው። በቤታችን የተከበረች ቃል ናት። ልጄ ሳቢሃ መራመድ ስትጀምር ደረጃውን የወጣችው «ኦል!» እየተባለች ነው። ከክፍል ክፍል ስታልፍም «ኦል!» ነው የምንላት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ በሜካኒካል ምሕንድስና ስትመረቅ ጋውኗን እንደለበሰች ወደ እኔ ሮጣ መጥታ በጆሮዬ ያለችኝ እሷኑ ነው።

ሳቢሃ «አባ» የምትለኝ ሲያማት ወይ ስትቀየመኝ ብቻ ነው። አለበለዚያ «ካፒቴኔ» ነኝ።

ከወር በፊት አዲሱ ባሕር ኃይል ውስጥ ለመግባት አመልክታ ኖሮ፣ ማለፏን የነገረችን ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ነው።

«ልጄ፣ ባሕር እኮ የለንም» አልኳት።

«አንተስ ሄሊኮፕተር አለህ? ካፒቴኔ ግን ነህ» አለችኝ።

አሸነፈችኝ። ለመሄድ አራት ቀን ሲቀራት ግን ወረቀቷ ሥር ቆማ ሌላ ነገር አመጣች። «ካፒቴኔ፣ ይቺን ይዣት ልሂድ። እዚያ የምፈራበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን አወጣትና አነባታለሁ። አባቴ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚለውን አውቋል፣ እኔም አላጣውም እላለሁ።»

ወረቀቷን አውርጄ ልሰጣት አልቻልኩም። ምክንያቱም እኔ ያን ቀን «ኦል» አላልኩም። ያልኩት «ሆልድ» ነው። በመመሪያው ቋንቋ ሆልድ ማለት አቁም ማለት ነው። «ኦል» ብሎ የሰማው በገመድ ሰው የሚስበውን ማሽን፣ ዊንቹን፣ የሚያንቀሳቅሰው ፈየራ ነበር፤ ሰውየው የተረፈው በፈየራ ጆሮ ስህተት ነው ብዬ ሠላሳ ስድስት ዓመት አምኜ ኖሬያለሁ። አምኜም ዝም ብያለሁ።

እሑድ የስንብት ምሳ አዘጋጀን። የጠራነው ሁለት ሰው ነው። አንዱ ፈየራ ነው፤ ከእኔ በሰባት ዓመት ይበልጣል፣ የሸቤ ሰው ነው፣ ዛሬ ከከተማ ወጣ ብሎ ንብ ያረባል። ሁለተኛው ፍሬሰላም ነው፣ የዳነው መርከበኛ ራሱ። አገሩ ደብረ ብርሃን ነው፤ ሠራዊቱ ሲበተን ግን «እናንተ ያላችሁበት ይሻለኛል» ብሎ ጅማ መጣና ቦሳ አዲስ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ ውስጥ ሸራ፣ ጆንያና ገመድ ይሸጣል። በገመድ የተረፈ ሰው ገመድ ሲሸጥ ማየት ደንበኞቹን አይገርማቸውም፣ እኔን ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። በየዓመቱ በዚያች ቀን አንድ ጣሳ ማር ይዞልኝ ይመጣል። ማሩን የሚገዛው ከፈየራ ነው። እስከዚያ እሑድ ድረስ «አንተ» ብሎኝም አያውቅም፤ «እርስዎ» ነበር የሚለኝ፣ የወለድኩት ይመስል።

ፍሬሰላም ክርስቲያን፣ እኛ እስላም ስለሆንን ማዕዳችን ላይ ሥጋ አይቀርብም። ባለቤቴ ኡሙልኸይር ከግልገል ጊቤ ግድብ የመጣ ዓሣ ጠበሰች። ሦስት የቀድሞ ባሕር ኃይሎች ከበን ተቀመጥን፣ ከባሕር ጋር የቀረን ዝምድና እሱ ዓሣ ነበር።

«ይኼ ዓሣ ትልቋ መርከብ ላይ ቢሆን በነጭ ጨርቅ ላይ ነበር የሚቀርበው» አለ ፈየራ፣ እሾሁን እየለቀመ። «አይደል ካፒቴን?»

እኔ መጀመሪያ የተመደብኩት ትልቋ መርከብ ላይ ነው። መኮንኖች የሚመገቡበት አዳራሽ ነበራት፣ ኋላዋ ላይ ደግሞ ትንሽ ሄሊኮፕተር የምታርፍበት ሜዳ።

«ነጭ ጨርቅስ ነበር» አልኩ። «ሹካውም ሦስት ዓይነት ነው። ችግሩ አንድም ቀን አልበላሁበትም። ሌሎቹ ሲበሉ እኔ ውጪ ባልዲዬን ታቅፌ ነው። ሰው እንዳይወስድብኝ ስሜ በቀይ ቀለም ተጽፎበት ነበር።»

«ስትበርስ ያምህ ነበር?» አለች ሳቢሃ።

«አየር ላይ ድንጋይ ነኝ። መርከቧን ስነካ ነው የምታመመው። ሐኪሙ አየኝ አየኝና ‹አንተ ለየብስ የተፈጠርክ ሰው፣ ማን እዚህ አመጣህ?› አለኝ። ‹ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ› አልኩት።»

«ወላሂ ባልዲ ካላችሁ ሀብታም ናችሁ» አለ ፈየራ። እሱ እኔ ጋ ዊንች ከመያዙ በፊት የተመደበው ታንክ ማራገፊያዋ መርከብ ላይ ነበር። «የእኛንማ ተይው ሳቢሃ። የእኛዋ ሆዷ ዝርግ ነው፣ ባሕሩ ተኝቶም እሷ ትንገላታለች። አፏ ከፊት ይከፈትና ታንክ ታስወርዳለች። ታንኩ በሚያድርበት ነው የምናድረው። ሻያችን ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ ዛሬም ናፍጣ ሲሸተኝ ሻይ ያምረኛል። ሄሊኮፕተር ለማሳረፍ ደግሞ መጀመሪያ ፍየሎቹን ማስወረድ አለብን።»

«ፍየል? መርከብ ላይ?»

«የአዛዡ ምሳ ናቸዋ! በነፋሱ ተጠርገው ባሕር እንዳይገቡ የማስራቸው እኔ ነኝ። በዊንች ሠለጠንኩ፣ በፍየል ተመረቅሁ።»

ሳቢሃ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ለማረፍ ምልክት የሚሰጠው ማን ነበር ታዲያ?»

«ትልቋ ላይ በወጉ የሠለጠነ ሰው ነበር» አልኩ። «ሁለት ቀይ ሰሌዳ ይዞ፣ ጓንት አድርጎ። እሱ እጁን ወደ ላይ ሲያደርግ አብራሪው ሁልጊዜ ወደ ታች ነበር የሚሄደው፣ ግን ሥርዓቱ ያምር ነበር።»

«የእኛ ምልክት ሰጪ ወጥ ሠሪው ነው» አለ ፈየራ። «ማማሰያ ይዞ ነው ሄሊኮፕተሩን የሚያወርደው። አንድ ቀን ወጡ ሊያርርበት ነው መሰለኝ፣ አየር ላይ ትቶት ገባ።»

ፍሬሰላም እስከዚያ ድረስ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማ ነበር። እሱ ወደ ታንክ ማራገፊያዋ ከመዛወሩ በፊት ሁለት ዓመት ያገለገለው በፈጣኗ የሚሳይል ጀልባ ላይ ነው።

«ሁለታችሁም የቤተ መንግሥት ሰዎች ናችሁ» አለ። «የእኛዋ ሞተሯ ሲነሣ ጥርስ ይነቅላል። ይኸው» ብሎ አፉን ከፍቶ አሳየን። «ሠላሳ ሰው ነን፣ ሽንት ቤቱ አንድ። ተራ ነበር። የእኔ ሐሙስ ነው።»

«በሳምንት አንዴ?» አለች ኡሙልኸይር፣ ከልቧ ደንግጣ።

«ኋላ ማዕረግ ሲሰጡኝ ማክሰኞን ጨመሩልኝ፣ እመቤቴ። ሄሊኮፕተሩማ እኛ ጋ ማረፊያም የለው። እነ ካፒቴን ደብዳቤያችንን በከረጢት ከላይ ይወረውሩልን ነበር። እናቴ የጻፈችልኝን ግማሹን ዓሣ ነው ያነበበው።»

«ነፋስ ነበር» አልኩ።

«እርስዎ ነበሩ የሚወረውሩት» አለ ፍሬሰላም፣ በአክብሮት።

«እሺ፣ ከሁሉ የምትሻለዋ የትኛዋ ናት?» አለች ሳቢሃ።

ሦስታችንም አንድ ላይ «ወደብ ላይ የታሰረችዋ!» አልን። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ከልቤ ሳቅሁ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ግን ፍሬሰላም ማሩን ጠረጴዛው መሀል አደረገና ጉሮሮውን ጠራረገ። ያቺን ታሪክ በየዓመቱ ይነግረናል፣ አንድ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ።

«ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ነበር» አለ። «ማዕበል ነው። ታንክ ማራገፊያዋ ላይ ማረፍ አይቻልም፣ እነዚህ ሁለቱ በትልቁ ሄሊኮፕተር ከላይ መጡ። ወገቤን አሰሩኝና ዊንቹ አነሣኝ። ከመርከቧ ጠርዝ ትንሽ ከፍ እንዳልኩ መርከቧ አጋደለች። የመርከቧ የብረት ምሰሶ ተደፍቶ ወደ እኔ መጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ‹በቃ ማርያም› አልኩ። ይኼኔ ካፒቴን ከላይ…»

ትንፋሹን ሳብ አደረገ። እዚህ ጋ ሁላችንም አብረን «ኦል!» የምንልበት ነው። አሉም። የሳቢሃ ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማ። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር፣ እንደዚያ ኮርታብኝ አይቻት አላውቅም። ከእሷ ራስ በላይ ደግሞ ወረቀቷ ትታየኛለች። ልጄ በሦስተኛው ቀን እሷን በሻንጣዋ ይዛ ልትሄድ ነው። አንድ ቀን ትፈራለች፣ ታወጣታለች፣ የማይፈራ አባት የነበራት ይመስላታል። ከዚያ ራሷን ትንቃለች። ይኼን ሳስብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አላልኩም» አልኩ።

«ምኑን?» አለ ፍሬሰላም።

«ኦል አላልኩም። ሆልድ ነው ያልኩት። አቁመው ነው ያልኩት።»

ከጀመርኩ አይቀር ቀጠልኩ።

«ምሰሶው ወደ ክንፋችን የሚመጣ መሰለኝ። ፈራሁ። መርከብ ሲያጋድል ሰው ጠርዝ ላይ አይንጠለጠልም፤ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ነው፣ መቆም የለም። ሕጉን አውቀው ነበር። ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። አፌ ግን ‹ሆልድ ሆልድ› አለ። እኔና ፈየራ የዊንቹን ትእዛዝ በመመሪያው ቃል ሳይሆን በአገራችን ቃል ‹ኦል› እና ‹ገዲ›፣ ላይና ታች፣ እንባባል ነበር፣ የጆሮ ማዳመጫው ስለሚንጫጫ። እሱም ሆልድን ኦል ብሎ ሰማኝና ሳበህ። ስናርፍ አዛዣችን ሻምበሉ ማን አዘዘ ብሎ ሲጠይቅ ‹ኦል አለኝ› አለ። እኔ አፌን ዘጋሁ። ወረቀት ሰጡኝ። የጆሮውን ስህተት ሰርቄ ነው ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት።»

መጀመሪያ የተናገረችው ኡሙልኸይር ናት።

«ሆልድ?» አለች። «ያቺ በእንቅልፍህ የምትጠራት?»

«የቷ?»

«ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ‹ሆልድ፣ ሆልድ› ትላለህ። ምጽዋ ላይ የተውካት ሴት ናት ብዬ ነበር እኮ! አስተግፊሩላህ፣ ስንት ዱዓ አድርጌባታለሁ።»

ፈየራ በአፍንጫው ሳቀ። ሳቢሃ አልሳቀችም።

ፍሬሰላም የማሩን ጣሳ ያይ ነበር። «እንዲህ ነው ለካ» አለ ቀስ ብሎ። «በአንተ ቢሆን ኖሮ እኔ የለሁም ማለት ነው?»

አንተ አለኝ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ሊያመኝ ይገባ ነበር፣ ግን አንድ ከባድ ነገር ከትከሻዬ የወረደ መሰለኝ።

«የለህም» አልኩት። «ይቅር በለኝ።»

ጣሳውን አነሣና ፈየራ ፊት አስቀመጠው። «ለካ አድራሻ ተሳስቼ ነው ማር ሳመላልስ የኖርኩት።»

«ከእኔው ገዝተህ ለእኔው?» አለ ፈየራ። ከዚያ ጣቱን በጨርቅ ጠረገና ወደ እኔ ዞረ። «ማነው ተሳሳተ ያልከው?»

«ጆሮህ።»

«የእኔ ጆሮ?» አለ፣ እንደ መቀየም ብሎ። «ድዋን ሰምቻታለሁ።»

«የምን ድ?»

«ሆል-ድ። የመጨረሻዋን። ሁለቴ ነው ያልከው፣ ሁለቴም ድ ነበራት። ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁህ።»

የዓሣውን እሾህ ሳህኑ ላይ ጣልኩ።

«ታዲያ ለምን ሳብከው?»

«ድምፅህን አውቀዋለኋ። አንተ ስታዝ በአፍንጫህ ነው የምትናገረው። ያን ቀን የተናገረው ጉሮሮህ ነው። ደግሞ አንተ የምታየው ምሰሶውን ነው፣ እኔ በሩ ላይ ተንበርክኬ የማየው እሱን ነው። ካቆምኩት ይፈጨዋል። ሳብኩት።»

«ሻምበሉ ጋስ? ኦል አለኝ ያልከውስ?»

«ማሎ፣ እባክህ፣ ትእዛዝ ጥሼ ነው ልበለው? እኔን ከዊንቹ፣ አንተን ከሄሊኮፕተሩ ሊያነሡን። ተመልሰን ፍየል ልናስር! ‹ኦል አለኝ› ስል ሁለታችንም ተረፍን። ሃያ ሦስት ዓመትህ ነበር እኮ። የፈራ ልጅ ፈራ ብዬ ልክሰስህ?»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ግን አንድ ቀን እንኳ…»

«አንድ ቀን ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ያንተ ትንሽ አደረ እንጂ።»

እኔ ምኑን ይዤ ምኑን እንደምለቅ አላወቅሁም። ለሠላሳ ስድስት ዓመት ይኼን ሰው ያታለልኩት መስሎኝ ስሸማቀቅ፣ ለካ እሱ ነው ሲሸፍነኝ የኖረው። ውሸት ላይ እንኳ ረዳት ነበርኩ።

ሳቢሃ ተነሣች። እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ ወረቀቷ ሥር ሄዳ ቆመች። እንደ አዲስ ነገር ከላይ እስከ ታች አነበበቻት።

«ሕጉን ታውቀው ነበር?» አለችኝ ሳትዞር።

«አውቀው ነበር።»

«እያወቅህ ነው ሌላ ያልከው።»

«አዎ።»

«እሺ አባ» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

አባ። ቃሉ ምንም አልነበረበትም፣ ማንኛዋም ልጅ ለአባቷ የምትለው ነው። እኔን ግን እንደዚያ ያመመኝ ነገር የለም።

የቀሩት ቀኖች እንደዚያው አለፉ። «አባ ሻይ ልቅዳልህ?» «አባ መፍቻህ በር ላይ ነው።» «አባ ደህና ይደሩ» አላለችም እንጂ፣ እንደ እንግዳ ነበር የምታከብረኝ። አልተቆጣችም፣ ፊቷንም አላጠቆረችብኝም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰኞ ሸቤ ሄጄ መፈልፈያ ስጠግን ውዬ፣ ባለ ማሽኑ «ካፒቴን፣ ዛሬ ምነው?» አለኝ። «ረዳት ነኝ» አልኩት። የታመምኩ መስሎት ውኃ አመጣልኝ። ኡሙልኸይር ልታጽናናኝ ብላ «ሁሉም በጊዜው ነው ኢንሻአላህ» ትለኛለች፣ ግን እሷም የምጽዋዋን ሴት በማጣቷ ትንሽ የተከፋች ትመስላለች።

ሮብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ተገኘን። ከመውጣታችን በፊት ግድግዳውን በቆረጣ አየሁት። ወረቀቷ እዚያው ናት። ሳቢሃ አልወሰደቻትም።

ፍሬሰላም ከሱቁ ምርጥ የሚለውን አዲስ ገመድ ይዞ መጥቶ ነበር። «አንተ፣ ጫፉን ያዝ እንጂ፣ ቆመህ ታያለህ?» አለኝና ሻንጣዋን አብረን አሰርን። ከዚያ እሑድ ወዲህ እንደ ልቡ ያዘኛል። ደስ ይለኛል። ፈየራ አንድ ጠርሙስ ማር በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣት፣ በኦሮምኛ መረቃት። እሷም ጉልበቱን ስማ አንድ ነገር ጠየቀችው። ቀስ ብላ ነው፣ እኔ ግን ሰማኋት።

«ጋሽ ፈየራ፣ ማዘዙ አይደለም የሚከብደው፣ መስማቱ ነው አይደል?»

«ሁለቱም ይከብዳል ልጄ» አላት። «እሱ ያን ቀን በአፉ ተሳሳተ። እሑድ ዕለት ግን፣ አንቺ ፊት፣ አልተሳሳተም። ከሁለቱ ቀን የትኛው እንደሚከብድ እኔ አውቃለሁ።»

ወደ እኔ መጥታ አቀፈችኝ፣ ሁለቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችና «በል ቻው አባ፣ ራስህን ጠብቅ» ብላ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። እናቷ እያለቀሰች ነበር። እኔም ላለቅስ ነበር፣ ግን አጠገቤ አንዱ ረዳት «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ! ጋሼ፣ ይገባሉ ወይስ ይውጡልን?» ብሎ ገፋኝ። ሙያ ሙያን አያውቅም።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሣ። አጠገቡ ሌላ ሁለት አውቶቡስ ሞተራቸውን እያስጓሩ ነው፣ ጥሩምባው፣ የጀበና ቡና ሻጮቹ ጥሪ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ግራ ጆሮዬ በሄሊኮፕተሩ ምክንያት ከሄደች ቆይታለች። አውቶቡሱ መዞር ሲጀምር የሳቢሃ መስኮት ተከፈተ። እስከ ደረቷ ወጣችና እጇን አፏ ላይ እንደ ጥሩምባ አድርጋ ወደ እኔ ጮኸች። አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቃሉን ግን አልሰማሁትም።

«ምን አለች?» አልኩ፣ ፈየራን ክንዱን ይዤ። «ምን አለች?»

ፈየራ አውቶቡሱን እያየ ነበር።

«ቻው ካፒቴኔ፣ ነው ያለችው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔ የማላውቀውን ነገር የሚነግረኝ ደግሞ ያ ሰው ነው፣ አንዲት ቃል ከነድዋ ጥርት አድርጎ ሰምቶ ሌላ ቃል የመለሰው ሰው።

«ዱጋ?» አልኩት። እውነት ማለት ነው።

«ዱጋ» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይመልስ።

እውነቱን ነግሮኝ ሊሆን ይችላል፣ ሸፍኖኝ ሊሆንም ይችላል። ደግሜ አልጠየቅሁትም። አውቶቡሱ አስፋልቱን ይዞ እስኪታጠፍ ድረስ እጄን ከፍ አድርጌ አውለበለብኩ፣ የሰጠኝንም ቃል እንደ ዱሮው ዝም ብዬ ተቀበልኩት።